ጠፈጠፍን ዝናብ ላሉልን ክቡር ኃላፊ

ለክቡር የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ በፊት ጤናዎ እንደ ትንበያዎ ሳይሆን እንደ ምኞቴ እንዲሆንልዎ፣ ጉልበትዎን ብርድ፣ የቢሮዎን መስኮት ወጨፎ እንዳይደፍረው፣ ጃንጥላዎን በረሱበት ቀን ሁሉ ፀሐይ እንዲወጣልዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ዘንድሮ በአየር ጠባይ ሳይንስ የተመረቅሁ፣ ከእናቴ ጓሮ በልብስ ማስጫው ገመድና በአትክልቱ መደብ መካከል ባቆምኋት ትንሽ ጣቢያ በየጠዋቱ የሙቀቱን፣ የዝናቡንና የነፋሱን ልክ እየወሰድሁ ለመሥሪያ ቤትዎ ሳልታክት የምልክ ዜጋ ነኝ። ስሜን ባያስታውሱት አልቀየምም፤ እርስዎ የሚያውቁት የጎረቤቴን ነው።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ቅናት ነው። «ለሕዝብ ጥቅም ስል» ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እናቴ እንዲህ የሚል ሰው ስትሰማ «አሁን ደግሞ ምን ፈልጎ ይሆን?» ስለምትል፣ የፈለግሁትን ከፊት ማስቀመጡን መረጥሁ።

እንደሚያስታውሱት መሥሪያ ቤትዎ ከየሰፈሩ አንድ አንድ የበጎ ፈቃድ ተመልካች እንደሚመርጥ፣ ከነዚሁ ተመልካቾች መካከልም ለትንበያ ክፍሉ ሠልጣኞች እንደሚቀጥር በሬዲዮ አስነግሮ ነበር። ያን ቀን መለኪያዎቼን የማስቀምጥበትን ሳጥን ጎን አዲስ ነጭ ቀለም ቀባሁት። የተመረጡት ግን አጥር የምንጋራቸው ባለ ፋርማሲው ጋሼ ሆኑ፤ ልጃቸው ለልደታቸው የገዛላቸው፣ መስታወቱ ላይ ቁጥር እያበራ ራሱ ለክቶ ራሱ የሚልክ ማሽን አላቸውና። ጋሼ በልጅነቴ ሳል ሲይዘኝ ሽሮፕ በማንኪያ ያጠጡኝ ደግ ሰው ናቸው። ክፉ ቢሆኑልኝ ኖሮ ቅናቴ ምንኛ በቀለለኝ! አሁን ግን እየወደድኋቸው አንጀቴ ያርራል። ስለዚህም ቅሬታዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ጋሼ ማሽኑን ድመት እንዳይጥልባቸው ብለው ከቆርቆሮ ጣሪያቸው ክፈፍ ሥር አቁመውታል። ዝናብ በጣለ ቁጥር የጣሪያው ጠፈጠፍ በሙሉ ተሰብስቦ መለኪያው ውስጥ ይወርዳል። በዚህም የተነሣ ካፊያ ብቻ ባረጠበን ዕለት መሥሪያ ቤትዎ ሰፈራችን ከከተማው ሁሉ የበለጠ ዝናብ እንዳገኘ አብሥሮ፣ ነዋሪው ከጎርፍ እንዲጠነቀቅ አሳሰበ። እናቴ ደረቅ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማ፣ «አንቺ የተማርሽው፣ ጎርፉ በየት በኩል ነው የሚመጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ወደ መሥሪያ ቤትዎ ደውዬ፣ የተለካው ዝናብ ሳይሆን ጠፈጠፍ መሆኑን በትሕትና ባስረዳ፣ ስልኩን ያነሡት ባለሙያ ከት ብለው ስቀው «እህቴ፣ ጠፈጠፉስ ያው ከሰማይ የመጣ አይደል እንዴ?» አሉኝ። መምህሮቼ በዩኒቨርሲቲ ላልነገሩኝ ለዚህ ሳይንሳዊ ብያኔ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በዚሁ ሂሳብ የእናቴ የልብስ ማጠቢያ ባልዲም እንደ አንድ ጣቢያ ይመዝገብልን፤ ውሃዋ በስተመጨረሻ ከሰማይ የመጣ ነውና።

ሁለተኛ። የማታውን ዜና የምታነበው እህታችን የጋሼን ልኬት ስታነብ «ታማኙ ተመልካቻችን» ትላለች። «ታማኙ» የምትለውን ቃል እንዴት እንደምታስረዝማት ሰምተው እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ሰምቼ እራቴን ትቼ ተነሥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ሊገዛ ፋርማሲ የሚገባው ሁሉ «ጋሼ፣ ዛሬ ልብስ ልጠብ?» እያለ ይጠይቃቸዋል። እሳቸውም ከመነጽራቸው በላይ ወደ ደጅ አየት አድርገው «እጠቢ» ይላሉ፣ ሰዉም ያጥባል። ይህስ ይሁን። ነገር ግን በቀደም ዕለት እኔ ቴርሞሜትር በእጄ ይዤ ከጎኗ ቆሜ ሳለሁ፣ የወለደችኝ እናቴ በአጥሩ ላይ አንጋጣ «ጋሼ፣ ከሰዓት ይዘንብ ይሆን?» አለቻቸው። ክቡር ሆይ፣ ከእኔና ከእሳቸው መካከል የሚጠየቀውን የመረጠችው እናቴ ናት፤ እንዲህ እንድትመርጥ ያስተማራት ግን የእርስዎ ሬዲዮ ነው።

ሦስተኛ። ሦስተኛውን ልጽፍ ተቀምጬ ነበር፤ ሁለተኛው ገና ስላልበረደልኝ አልፌዋለሁ።

አራተኛ። ባለፈው ወር የጋሼ ማሽን ድንገት ሥራ አቆመ። እንደታመመች ጫጩት በሁለት እጃቸው አቅፈው በራችን ድረስ አመጡትና «ልጄ፣ ይሄ ነገር ዝም አለኝ። እስኪጠገን ድረስ እስኪ ያንቺን ቁጥር አበድሪኝ፤ ሰዎቹ እዚያ ይጠብቁኛል» አሉኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን በሰው ስምም ቢሆን ቁጥሬ በሬዲዮ ሲነበብ ለመስማት እጅግ ጓጉቼ ነበርና በየጠዋቱ እየጻፍሁ ሰጠኋቸው። ብዙም ሳይቆይ መሥሪያ ቤትዎ «በቅርቡ ላሳዩት የላቀ ጥንቃቄ» የሚል የምስክር ወረቀት በወርቃማ ክፈፍ ላከላቸው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት ተረት ሐሰት መሆኑን ያወቅሁት ወረቀቱ ከፋርማሲው መደርደሪያ በላይ ሲያበራ ባየሁ ጊዜ ነው። ጋሼ እውነተኛ ሰው ናቸውና በስልክ «ኧረ ልኬቱን የወሰደችው የጎረቤቴ ልጅ ናት» ብለው ለመሥሪያ ቤትዎ ተናዘዙ። የተሰጣቸው መልስ «ትሕትናዎ ያስደንቃል» የሚል ነበር።

አሁን ደግሞ የሥልጠናው ጥሪ ደርሶ፣ የተጠራው የሰፈራችን ሰው ጋሼ ሆነዋል። «በዚህ ዕድሜዬ ደብተር ይዤ ልመላለስ?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁና ጥሪውን ለእኔ ሰጡኝ። ይዤው ብመጣ በር ላይ «ጥሪው አይተላለፍም፤ አንቺ ተመልካች አይደለሽም» ተባልሁ። በጥሪው የተጠሩት ልኬት የላቸውም፤ ልኬቱ ያላት ጥሪ የላትም። እናቴ «ያንቺስ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ሆነ» ማለት ጀምራለች፤ አጎቴም በፎቶ ኮፒ ቤቱ ቦታ ይዞልኝ መልሴን እስከ ሰኞ ይጠብቃል። ለፎቶ ኮፒ ክብር አለኝ። ነገር ግን ከሰኞ በኋላ ጠዋት ጠዋት የማየው ሰማይ ሳይሆን የሌላ ሰው ወረቀት ግልባጭ ይሆናል።

ስለዚህ የምለምነው ጋሼን እንዲያነሡልኝ አይደለም። አንድ ባለሙያ፣ ቢቻል ያንኑ ሳቂታውን፣ አንድ ጠዋት ወደ ጓሯችን ይላኩልኝና ልኬቴን ስወስድ ከጎኔ ቆሞ ይይ። ስሕተት ቢያገኝብኝ ሳጥኔን ለዶሮ ቤት ሰጥቼ ወደ አጎቴ እሄዳለሁ። ካላገኘብኝ ግን በሠልጣኞቹ ዝርዝር ላይ ስሜን፣ የገዛ ስሜን፣ ይጻፉልኝ።

የላክሁላችሁን ሁሉ ባለማንበብ ትዕግሥትን ስላስተማራችሁኝ እያመሰገንሁ፣ ወንበርዎ ሳይናወጥ፣ ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ፣ ደመናም ሳያስፈቅድዎ በላይዎ እንዳያልፍ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ካልበረደ ቅናት ጋር እሰናበታለሁ።

ከጎረቤት ጓሮ፣
መሥሪያ ቤትዎ ሳያውቃት የሸለማት ተመልካች

ማስታወሻ፦ ማሽናቸው ገና ባይጠገንም፣ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ለጋሼ ቁጥር ማበደሩን አቁሜያለሁ፤ እሳቸውም «ደግ አደረግሽ፣ እኔም ተሳቅቄ ነበር» ብለው መርቀውኛል። ስለዚህ ዛሬ ማታ በሬዲዮ የሰፈራችን ተራ ሲደርስ የሚነበብ ነገር ቢጠፋ፣ እባክዎን «ጸጥ ያለ አየር» ብለው እንዳይሞሉት። ጸጥ ያልሁት እኔ ነኝ።