አባባ ዲሹን ያወረደበት ቅዳሜ

ለተወደድከው ወንድሜ ለዱዌን፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ጉልበትህ በብርዱ ባሰበት ወይስ ተወት አደረገህ? ያ ሳልስ ለቀቀህ? እንቅልፍ ይወስድሃል ወይስ አሁንም በር በተንኳኳ ቁጥር ስትባንን ታድራለህ? እኔና አባባ ደህና ነን። ደህና የሚባለው ይኼ ከሆነ ደህና ነን፤ እንበላለን፣ እንተኛለን፣ የምንኖርባት መኪናም ጠዋት ጠዋት ሳታስቸግር ትነሳለች።

ቅዳሜ በተለመደው ሰዓት ስክሪኑ ፊት ተቀምጠህ እንደጠበቅክ አውቃለሁ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሲቀር ምን እንዳሰብክም እገምታለሁ፤ «አባባ ሐሳቡን ቀየረ» ብለህ ይሆናል። አልቀየረም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን እንድታውቅ ነው። አባባ አንተን ለማየት ተዘጋጅቶ ነበር፤ እንዲያውም ከእኔ ይበልጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ስልክ ቢፈቀድልህ በስልክ እነግርህ ነበር፤ እስር ቤታችሁ የሚፈቅደው ያንኑ የቅዳሜውን ሃያ ደቂቃ ብቻ ስለሆነ በወረቀት ይድረስህ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። አባባ ፍርድ ከተሰጠበት ቀን ወዲህ ስምህን ጠርቶ አያውቅም። ጠጥተህ ስትነዳ እማዬ አጠገብህ ተቀምጣ እንደሞተች ላንተ አልደግምልህም። በየቅዳሜው እኔ ካንተ ጋር ሳወራ እሱ ታጣፊ ወንበሩን ይዞ ውጭ ይቀመጣል፤ ፊቱን ወደ ተራራው ያዞራል። መስኮቱ ክፍት መሆኑን ግን ያውቃል። ከመኸሩ ወዲህ ወንበሩ ቀስ በቀስ ወደ መስኮቱ እየቀረበ መጣ። እኔም አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። አንድ ቀን ካንተ ጋር ጨርሼ ስወጣ «ከሳ?» አለኝ። ማን ብዬ አልጠየቅኩትም። «ትንሽ» አልኩት። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ የቆርቆሮ ኮክ እየበላን ሳለ ማንኪያውን አስቀመጠና «ቅዳሜ እኔም ልየው» አለ። ከዚያ ኮኩን በልቶ ጨረሰ።

ደስ አለኝ ብልህ እዋሻለሁ። እኔ ከብዙ ጊዜ ወዲህ ደስ የሚለኝም የሚከፋኝም ነገር የለም። ይቅር ብዬህ እንደሆነ ስትጠይቀኝ ሁልጊዜ «ድምፅህ እየተቆራረጠ ነው» እልሃለሁ፤ አንዳንዴ አይቆራረጥም ነበር። እኔ የማውቀው ኔትወርክ መፈለግ ብቻ ሆኗል። የትኛው ሲም ካርድ በየትኛው ሸለቆ እንደሚሠራ፣ የትኛው ኮረብታ እንደሚጋርድ፣ የምንከርምበት የበረሃ ካምፕ ዋይፋይ ማታ ሁሉም ፊልም ሲከፍት እንዴት እንደሚሞት ጠይቀኝ። እዚያ ክረምቱን የሚያሳልፍ ሰው ሁሉ መኪናውን ጥላ ፈልጎ ያቆማል። እኔ ዛፍ የሳተላይት ኢንተርኔት ዲሹን እንዳይከልለው ብዬ ፀሐይ ላይ አቆማለሁ፤ አባባም እንደ ድንች ሲጠበስ ይውላል። ሰው ሲጠይቀኝ ለሥራዬ ነው እላለሁ። ሥራዬም እርግጥ በኢንተርኔት ነው፤ የአንድ ጫማ መደብር ደንበኞች ሲቆጡ ስልኩን አንስቼ የምሰደበው እኔ ነኝ። ለስድብ ግን ሲም ካርዱ ይበቃ ነበር። ዲሹን የገዛሁት ለቅዳሜ ነው።

አባባ ሥራ ሲያጣ ሐሳቡ ይበታተናል። የበላውን ቁርስ ይረሳል፣ እኔን አክስት አርዲስ እያለ ይጠራኛል። አምና ዲሹን ሳላወርድ ነድቼ የነዳጅ ማደያ ጣሪያ ጋር አጋጨሁትና ሰበርኩት። ይህ በዚህ ኑሮ የምንኖር ሰዎች ሁላችንም አንድ አንድ ጊዜ የምንሠራው ጅልነት ነው። አባባ ግን ለብዙ ቀን ሳቀብኝ፤ «አንቺኮ ራስሽም ያልጠፋው አንገትሽ ላይ ስለተተከለ ነው» ይለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጉዞ ቀን ዲሹን ማውረድ የእሱ ሥራ ሆነ። ዲሹን አውርዶ ሳጥን ውስጥ ይከታል፣ የመብራቱን ገመድ ይጠቀልላል፣ የመኪናዋን ድጋፎች ያነሳል፤ ከዚያ ፊት ወንበር ላይ ወጥቶ ቀበቶውን ያስርና «ዝግጁ!» ይላል። ይህን አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተም።

ቅዳሜ ጠዋት ጢሙን ራሱ ተላጨ። አገጩን ቆረጠውና ቁራጭ ወረቀት ለጠፈበት። ያንን ግራጫ ጃኬቱን ለበሰ፤ ሰፍቶታል፣ ትከሻው ላይ ይወርዳል። «አባባ፣ ዛሬ ዱዌንን እናየዋለን» አልኩት። ያልኩት ይህን ብቻ ነው። በስክሪን ነው አላልኩትም፤ የሚያውቅ መስሎኝ ነበር።

እሱን ቁጭ አድርጌ ላፕቶፑን ልከፍት ስል ውጭ ጩኸት ሰማሁ። እዚያ በረሃ ላይ ያልተጻፈ ሕግ አለን፤ የሰው ሰማይ አይጋረድም። ዲሹ ወደ ሰሜን ስለሚያይ፣ አንድ ሰው ዲሽ ካቆመ በሰሜን በኩል ማንም አጠገቡ አይቆምም። ጎረቤታችን ቬርና ወንበሯን መጠገኗን ትታ ተነስታ፣ አውቶቡስ የሚያክል አዲስ መኪና ይዞ ልክ እዚያ ላይ ሊቆም የመጣ ሰውዬ ፊት ቆማለች። «ወዳጄ፣ ሰማይዋ ላይ ነው የቆምከው!» ትለዋለች። «ምኗ ላይ?» ይላል። «ሰማይዋ ላይ! ንሳ ውረድላት!» ትላለች። ሰውዬው እየሳቀ «ሰማይ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ባለቤት ያወጣው?» ሲላት፣ «አንተ ከመምጣትህ በፊት» አለችው። ወጥቼ የወንድሜ ቀጠሮ እንዳለኝ አስረዳሁት። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን ያንን የሚያክል መኪና ወደ ኋላ ማውጣት ቀላል አይደለም፤ ሚስቱ ከኋላ ቆማ «ግራ! ኧረ ግራ! ግራህን አታውቅም እንዴ?» እያለች ትጮሃለች። እኔና ቬርናም አብረን ስናግዝ ቆየን። ከመኪናችን ወዲያ ማዶ ምን እየተደረገ እንዳለ አላየሁም።

ተመልሼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ኔትወርክ የለም። አጥፍቼ አበራሁት። የለም። ያንን ሰውዬ በልቤ ረገምኩት። ሰዓቱ ደርሶ ማለፍ ጀምሯል። በሲም ካርዱ ሞከርኩ፤ ያንተ ምስል መስሎኝ የነበረው የራሴ ፊት ነበር፣ እሱም ደርቆ ቀረ። ያኔ ከፊት በኩል «ማርሊስ! በይ እንጂ፣ ልጁ እየጠበቀ ነው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አባባ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ ነው፤ ቀበቶውን አስሯል፤ ወረቀቷም አገጩ ላይ አለች። «ዝግጁ!» አለኝ።

ዲሹ ሳጥኑ ውስጥ ነበር። ገመዱም አምሮ ተጠቅልሏል። እናየዋለን ስላልኩት የምንሄድ መስሎታል፤ ለመሄድ ደግሞ ምን እንደሚደረግ ያውቃል። ሮጬ ወጥቼ መልሼ ሰቀልኩት፤ ግን ዲሽ እንደገና ሰማዩን አስሶ እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል። ሲይዝ ስክሪኑ ላይ የነበረው ቀጠሮው አልፏል የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። አላለቀስኩም። አባባንም አልተቆጣሁትም። ዲሹን ስሰቅል መሰላሉ ላይ ቆሜ እጄን አየሁት፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ አንተ እዚያ ተቀምጠህ ምን እያሰብክ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ግን እሱም አልተሰማኝም፤ የሰው ወሬ የሰማሁ ያህል ነበር።

ቬርና የሆነውን ከነገርኳት በኋላ «እና ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ። «የሚመጣውን ቅዳሜ» አልኳት። «አንቺ ልጅ፣ ሽማግሌው ቀበቶውን አስሯል፣ ነዳጅሽ ሙሉ ነው፣ ቤትሽ ጎማ አለው። ነው ወይስ ጎማው ለጌጥ ነው?» አለችኝ። ይህን ያህል ዘመን ስነዳ አንድም ቀን ወደ ሰሜን፣ ወደ አንተ ነድቼ አላውቅም። ብርዱን ፈርቼ ነው እል ነበር። ብርዱን አልነበረም፤ ካንተ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ብቀመጥ ምንም እንዳይሰማኝ ፈርቼ ነው። በስክሪን ሲሆን በኔትወርኩ ይሳበባል።

ዲሹን አባባ ራሱ እንዲያወርደው ለቀቅኩለት። ለአለቃዬ በምሄድበት ኔትወርክ የለም ብዬ ጻፍኩላት፤ ስጽፍ ኔትወርኩ ጥርት ብሎ ይሠራ ነበር። ቬርና ሰው እንዳይቆምበት ወንበሯን ቦታችን ላይ አስቀምጣ ሸኘችን።

አሁን ኦክላሆማ ነን፤ ከባድ መኪኖች የሚያድሩበት ማረፊያ ቆመናል። በረዶው ቀጭን ነው፣ ነፋሱ ግን መኪናዋን ይንጣታል። በዝግታ ነው የምንሄደው፤ ደብዳቤው ቀድሞን እንዲደርስ ብዬ እዚሁ ፖስታ ሳጥን ውስጥ እጥለዋለሁ። እንደደረሰህ የአባባን ስም የጎብኚዎችህ ዝርዝር ውስጥ አስገባ፤ ካልሆነ በሩ ላይ ይመልሱናል። ስታየኝ ዝም ብል እንዳትቀየመኝ። ምን እንደሚሰማኝ አላውቅም፤ ምንም ላይሰማኝም ይችላል። እመጣለሁ ግን።

አንድ ነገር ልደብቅህ አልፈልግም። እሁድ ጠዋት ሹራቤን ለብሼ ልነዳ ስቀመጥ አባባ «ወዴት ነን?» አለኝ። «ወደ ዱዌን» አልኩት። ፊቱ ጥቁር አለ። «ያንን ልጅ አላየውም ብዬሽ የለም እንዴ!» አለኝ። ሐሙስ ያለውን ረስቶታል። እንደተላጨም፣ እንደተዘጋጀም፣ ሁሉንም። ሞተሩን አጠፋሁ። ሳይፈልግ እየጎተትኩ ላመጣው አልፈልግም፤ ያንን ብቻ ለራሴ ቃል ገባሁ። «እሺ፣ አሁን እጠይቅሃለሁ፤ ልታየው ትፈልጋለህ?» አልኩት። በመስኮቱ የመንገዱን መኪኖች፣ ነዳጅ የሚቀዱትን ሰዎች፣ ሁሉንም አየ። እጁ ላይ የነበረው ሻይ ቀዘቀዘ። ከዚያ «አርጅቷል?» አለኝ። «ትንሽ» አልኩት። «እሺ፣ ንጂ» አለ።

ሰኞም እንደዚሁ ከመጀመሪያው ጀመርን። ሰኞ እስከ ምሳ ቆምን፤ እማዬን እያነሳ በአንተ በጣም ተቆጣ፣ እኔንም ሰደበኝ፣ በኋላ «እሺ» አለ። ትናንት ጠዋት ቶሎ እሺ አለ። ዛሬ ግን አለቀሰ፤ ከዚያ እሺ አለ። ዱዌን፣ አባታችን በየጠዋቱ እንደ አዲስ ይሰማዋል፤ በየጠዋቱም እንደ አዲስ ይወስናል። እኔ ስቆጥበው የኖርኩትን ሁሉ እሱ በቀን አንድ ጊዜ ያወጣዋል። ዛሬ ሲያለቅስ እጁን ያዝኩት፤ እጁ ሞቃት ነበር። ይህን ያህል ነው የተሰማኝ፤ ግን ተሰምቶኛል።

አብሮህ ለሚኖረው ለሚስተር ፔቲስ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ዓይኑ እንዴት ሆነለት? ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ የሚያቆይልህን ሰውም ሰላም በልልኝ። አክስት አርዲስን በስልክ አግኝቻት ሰላም ብላሃለች፤ የሱፍ ካልሲ እየሠራችልህ ነው፣ ያስገቡልህ አያስገቡልህ ጠይቅ ብላለች። ቬርና አንተን ሳታውቅ ሰላም ብላሃለች፤ «ሰማዩን አስጠብቄለታለሁ በይው» ነው ያለችኝ።

አባባም ሰላም ብሎሃል። ይህ የዛሬው ሰላምታ ነው። የነገውን ነገ ጠዋት እጠይቀዋለሁ።

እህትህ ማርሊስ
ኦክላሆማ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር
ረቡዕ ጃንዩዋሪ 24 ቀን 2024