ከኖርማኖች አድነን

የካቲት 11
ዛሬም የጎመን ሾርባ። ጉሮሮዬ ሻክሯል... ምህላ የሚመራ ሰው ከጎመን ሌላ አይገባውም እንዴ?

ከሰዓት በኋላ ቶርግሪም መጣ። ከሰሜን በመርከብ እየመጡ ሲዘርፉን ኖረው አምና ንጉሡ ከወንዙ ማዶ መሬት ሰጥቶ ያሰፈራቸው የኖርማኖች አለቃ ነው። ከዚያ በፊት ጎተራችንን ያቃጠለውም እሱ ነው። ምን ፈልጎ? ለእርሻ በሬ ሊዋስ! አንዱን በሬያችንን ጠብሶ የበላ ሰው፣ ሁለተኛውን አውሱኝ ይላል።

አበምኔታችን አባ ሄልጋውድ ሰጡት። "ጎረቤት ነው እንግዲህ፣ ምን እናድርግ?" አሉ።

የካቲት 14፣ እሁድ
ጉድ ነው! ኖርማኖቹ ቅዳሴ መጡ። ሊጠመቁ አስበዋል አሉ። አሥራ ዘጠኝ ሆነው ፊት ለፊቴ ተደረደሩ።

ምህላውን ጀመርኩ። ከረሃብ አድነን... ከወረርሽኝ አድነን... አፌ ሠላሳ ዓመት የለመደውን ይዞ ነጎደ፤ "ከኖርማኖች ቁጣ አድነን!" ከወጣኝ በኋላ ነው የደነገጥኩት። ጸሎቱ በላቲን ነው፣ አይገባቸውም። ግን "ኖርማን" በላቲኑም በነሱም አፍ ያው ኖርማን አይደል? ቶርግሪም ቀና አለ።

በር ላይ ያዘኝ።

"አንተ ዘማሪ! ስማችንን ጠራህ።"

"አ... አዎ።"

"ምን አልክ?"

"ጸለይን... ለእናንተ።"

"ሁላችሁም?"

"ሁላችንም።"

ዓይኑ እንባ ሞላ። ምን ነካኝ? እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ...

የካቲት 21፣ እሁድ
ድፍን አይብ ተሸክመው መጡ፤ ጾም መሆኑን የት ያውቁታል! ውለታ መመለሳቸው ነው። ያቺን ቃል ሦስት ጊዜ እንድላት ጠየቁ። አልኩ። እነሱም ተቀበሉኝ፤ ደረታቸውን እየደቁ፣ ጣሪያው እስኪነቃነቅ፣ ከራሳቸው አድነን እያሉ! አባ ሄልጋውድ ወደ ላይ ወደ ላይ ያያሉ። ከሳቁ አለቀልን።

ከቅዳሴ በኋላ መነኮሳቱ ተሰበሰብን። እናስቀረው? ለምን ቀረ ይላሉ። ይቀጥል? የገባቸው ዕለት አንገት የለንም። ቀድሞ የሚቆረጠው ደግሞ የማን ነው? ያዜመው የኔ! አንድ ሽማግሌ አባት "እነዚህን አፍረን ብናቆመው፣ ከባሕር የሚመጡት ሌሎቹስ?" አሉ። እውነታቸውን ነው። ሳንስማማ ተበተንን።

መጋቢት 2
አንደኛው ኖርማን ቢላዋ በስጦታ ሰጠኝ። በፍቅር ነው። በጣም ስለታም ነው።

መጋቢት 8
የጳጳሱ ደብዳቤ ደረሰ። ለፋሲካ መጥተው ኖርማኖቹን ያጠምቃሉ። ጸሎቱንም ሁሉ በአገሩ ቋንቋ ይተረጉሙላቸዋል። ቃል በቃል።

ቃል በቃል! እህል አልቀመስኩም።

መጋቢት 12፣ እሁድ
ዘዴ መጣልኝ። "ከኖርማኖች" የሚለውን "ከበረዶ" ብዬ ላልፍ። ማን ያሳልፍሃል! "የኛስ? የኛ የታለ?" ብለው ጮኹ። አንድም ሰው አልወጣም አለ። ቶርግሪም ቅር ብሎት "ምን በደልንህ?" አለኝ። ይህን የሚጠይቀኝ እሱ ነው እንግዲህ! አምስት ጊዜ ደገምኩላቸው። በረዶው ቀረ።

መጋቢት 25
ጳጳሱ ነገ ይገባሉ። ቶርግሪም ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከኔው ይስማ ብዬ በታንኳ ተሻገርኩ። ተናዝዤ ነው የሄድኩት። ቶርግሪም በበሬያችን ያርሳል።

"ቶርግሪም... ያ ቃል... ለእናንተ አይደለም። ከእናንተ አድነን ነው የሚለው።"

"አውቃለሁ።"

"ምን?!"

"ሚስቴ የዚህ አገር ሰው አይደለችም እንዴ? አባቷ የቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ ነበር፤ ጸሎቱን ከልጅነቷ ታውቀዋለች። የመጀመሪያው እሁድ ዕለት ነገረችኝ። ሆዷን ይዛ ሳቀችብኝ።"

"ታዲያ ለምን አብረኸኝ ትጮሃለህ?"

እርፉን ለቀቀ። "ሀቫርድ የሚባል ወንድም አለኝ። ባሕር ላይ ነው፣ አምስት መርከብ አለው። ላሞች እንዳሉኝ ሰምቷል።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንተ ሀቫርድን አታውቀውም" አለኝ።

ፈርቷል። ቶርግሪም! አንገቴን እየዳበስኩ ተመለስኩ።

ሚያዝያ 3፣ ፋሲካ
ተጠመቁ። ጳጳሱ ያቺን ቃል ሲተረጉሙ አባ ሄልጋውድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አሥራ ዘጠኙም "አሜን!" አሉ። ጳጳሱ አልገባቸውም ብለው ደግመው ተረጎሙላቸው። "አሜን!" ጳጳሱ ያላበውን ግንባራቸውን ጠርገው ወደ ሌላው አለፉ።

ሚያዝያ 9
በጥድፊያ ነው የምጽፈው። የወንዙ መታጠፊያ ላይ አምስት የመርከብ ሸራ ታየ። ኖርማኖቹ ሚስቶቻቸውንና ከብቶቻቸውን ይዘው ወደኛ ተሻገሩ። ላሞቹ የምግብ አዳራሹ ውስጥ ናቸው። አባ ሄልጋውድ አንዷን ጥጃ አቅፈው ይጸልያሉ።

ቶርግሪም እጅጌዬን ያዘ።

"እውነቱን ንገረኝ። ጸሎቱ ይሠራል?"

ምን ልበለው? ከዚህ ሁሉ በኋላ መዋሸት ሰለቸኝ።

"ሠላሳ ዓመት አዜምነው" አልኩት። "መጣችሁ።"

አሰበ፣ አሰበ...

"ያኔ እኛ አብረናችሁ አልነበርንማ!" አለኝ።

ስፈራው የኖርኩት ሰውዬ... ዛሬ ለሱ ፈራሁ።

እየጠራኝ ነው፣ ልግባ። አሥራ ዘጠኝ ኖርማኖች የቤተ ክርስቲያናችንን በር ከውስጥ እየቀረቀሩት ነው።