እማዬ ለዳኛው ያሳየችው ቀለበት

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? የባለቤትሽ የወገብ ሕመም ተሻለው ወይ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትልቋ በቁመት አንቺን አልፋለች ሲሉኝ ገርሞኛል። አማትሽስ ዓይናቸው እንዴት ሆነ? እኛ ጤናችን ደህና ነው። ሌላው ነገራችን ግን ደህና አይደለም፤ አንቺም ሰምተሻል። ስደውልልሽ ስልኩን ማንሳት ካቆምሽ ሰንብተሻልና፣ በድምፄ ያልሰማሽኝን በጽሑፍ ትሰሚኝ እንደሆነ ብዬ ነው። እማዬ "ወንድሙን የሸጠው እሱ ነው" እንዳለችሽ አውቃለሁ። ለጎረቤቱ ሁሉ ያለችውን ለአንቺ ሳትል አትቀርም። እባክሽ ቀደሽ ከመጣልሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢው።

በወንድማችን በጋሼ መቅናቴን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ዛሬም እቀናበታለሁ። በአራት ዓመት የሚበልጠኝን ሰው "ጋሼ በለው!" እየተባልኩ ሳድግ አንቺም እዚያው ነበርሽ። የፖሊስ ልብሱን ለብሶ የመጣ ቀን እማዬ በር ላይ ቆማ መንገደኛውን ሁሉ ስታስቆም ዋለች። እኔ ፀጉር ቤቱን የከፈትኩ ቀን ግን "መቼስ ፀጉር እንደሆን ማደጉን አይተውም" ብላ ሳቀችብኝ። ቧንቧ ሲፈነዳ የምጠራው እኔ፣ ሐኪም ቤት የማደርሳት እኔ፤ ምርቃቱ ግን ለእሱ። በወር አንዴ ብቅ ብሎ ግንባሯን ስሞ ከሄደ ሳምንቱን ሙሉ የምሰማው የእሱን ወሬ ነው። ደንበኞቼ እንኳ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው "ወንድምህ ደህና ነው?" ይሉኛል። ምላጭ በእጄ ይዤ ሲጠይቁኝ ድፍረታቸው ይገርመኛል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ወርቅ ቤቱ የተዘረፈው በጠራራ ፀሐይ፣ ሐሙስ ዕለት በምሳ ሰዓት ነው። ሁለት ሰዎች ፊታቸውን ሸፍነው ገቡ። ዘበኛው በሩን ከውጭ ሊዘጋባቸው ሲል አንደኛው ተኩሶ ገደለው። ሌላኛው ሲያዝ፣ የተኮሰው ጋሼ ነው ብሎ ተናገረ። ጋሼ ደግሞ "እስከ ማታ ድረስ ጣቢያው በር ላይ ተረኛ ነበርኩ" አለ፤ የሥራ ባልደረባውም መሰከረለት። ጠበቃው የአንድ ሌባ ቃል ብቻውን ሰው አያስፈርድም እያለ ያጽናናን ነበር። ብቀናበትም ሰው ይገድላል ብዬ አስቤ አላውቅምና እኔም ይፈታል ብዬ አምኜ ነበር።

ፍርድ ቤት ከእማዬ በፊት የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። ዐቃቤ ሕጉ በዚያን ቀን ወንድሜን አይቼው እንደሆነ ጠየቀኝ። "ሥራ ላይ ነበርኩ፣ አላየሁትም" አልኩ። ሸጠው የተባልኩት በዚህች ቃል ነው።

ቀጥሎ እማዬ ቀረበች። ጠበቃው የጠራት ስለ ጠባዩ ሁለት ቃል ብቻ እንድትናገር ነበር፤ "አጭር ያድርጉት፣ እናቴ" ብሎም ለምኗታል። እማዬ ስለ ጋሼ አጭር ስትናገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ከልጅነቱ ጀመረች። ዳኛው ሊያቋርጧት ሲሉ ድምጿን ከፍ አድርጋ "ሰው ሞተ በምትሉበት በዚያው ሐሙስ እንኳ ከምሳ በኋላ ሥራውን ጥሎ እኔን ሊያይ መጥቷል! ስሞኝ፣ ሸሚዙን ቀይሮ ነው የሄደው። ታናሹ እዚሁ አፍንጫዬ ሥር ተቀምጦ ካልጠራሁት አይመጣም" አለች። እዚያም አላለፈችኝም። ይህ ሳያንስ ከጉያዋ የተቋጠረ መሐረብ አወጣች፤ ፈታችው፤ ቀለበት ጣቷ ላይ አጥልቃ እጇን ለዳኛው ዘረጋች። "ለእናቱ እንዲህ ያለ ቀለበት የሚያመጣ ልጅ ነፍስ ያጠፋል? ያን ዕለት ነው የሰጠኝ። ለማንም አታሳዪ ብሎኝ ነበር፤ መቼም ታናሹ እንዳይቀና ብሎ ነው" አለች።

እትዬ፣ መጀመሪያ ምን እንደተሰማኝ ብነግርሽ ታፍሪብኛለሽ። ቀናሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ከእኔ ደብቃ ጉያዋ ውስጥ ይዛው መክረሟን ሳስብ ቆሽቴ አረረ። ጋሼን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። ከኋላችን የወርቅ ቤቱ ባለቤት ብድግ ብሎ "የእኔ ነው፣ በእጄ የሠራሁት ነው!" ሲል አዳራሹ ተንጫጫ። የዘበኛው ሚስት እኛ በተቀመጥንበት አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ነበረች። የእማዬን ጣት ብቻ ታያለች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ቀለበቱ ለማስረጃ ተወሰደ፤ ጋሼም ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። እማዬ ግን ቀለበት ሁሉ ይመሳሰላል፣ ሰውየው ዋሽቷል ብላ ድርቅ አለች። ጥፋቱ የእኔ ሆነ። "ከእኔ ጋር ነበር ቢል ምን ነበረበት? ቅናቱ ነው" ትላለች። የምታውቀኝ በግማሽ ነው፤ መቅናቴን አውቃለች፣ መውደዴን ግን አላወቀችም።

ባለፈው እሑድ እስር ቤት ሄጄ ጋሼን ጠየቅሁት። ፀጉሩን እንደነገሩ ላጭተውት ጆሮው ተገትሯል። በሽቦው መሐል ተጠግቶ "እሷ በአፏ እንዳስፈረደችብኝ እንዳትነግራት። አንተ ነህ ብላ ታስብ። አንተ ትችለዋለህ፣ እሷ ግን ካወቀች አታድርም" አለኝ። ደሜ ፈላ። ሰው ገድሎም እንኳ ለእናቱ አሳቢው እሱ ሊሆን ነው! "ስለ ዘበኛውስ ምን ትላለህ?" አልኩት። አቀርቅሮ "በሩን ባይዘጋው ኖሮ" አለኝ። እኔም ስንቁን ለጠባቂው ሰጥቼ ወጣሁ።

መንገዱን ሙሉ ለእማዬ ልነግራት ቆርጬ ነበር። እቅጩን፣ ሳልቀንስ፣ ሳልጨምር። ቤት ስገባ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ባዶ ጣቷን ታሻለች። ከፍርዱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና "ቀለበቴን መቼ ይመልሱልኛል?" አለችኝ። እንደ ልጅ ነው የጠየቀችኝ። አፌ ድረስ የመጣውን ዋጥኩት። "ጉዳዩን ሲጨርሱ ይመልሱልሻል" አልኳት። "አንተማ ደስ ብሎህ ይሆናል" ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

ያልነገርኳት ለእሱ ብዬ አይደለም፤ እሱን ለማስደሰት እንዳይመስልሽ። ስለዚህ እማዬ ስትደውልልሽ እኔን ወግነሽ አትከራከሪያት። እሺ፣ እሺ በያት፤ ስትሰድበኝም ስሚያት። ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ ግን ለእኔ ደውዪልኝ። እማዬን ለእሱ ትቼለታለሁ። አንቺን ግን አልተውለትም።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ከባድ ዕቃ እንዳያነሳ ንገሪው። ለትልቋ ልጅሽ፣ ለመንትዮቹ፣ ለአማትሽም እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። እማዬ ይህን መጻፌን ስለማታውቅ ሰላምታ አልላከችም። ጋሼ ግን ከእስር ቤት መልእክት ልኮልሻል፤ አደራ ነውና ላድርሰው። "ከሁለታችን እኔን አብልጣ እንደምትወደኝ አውቃለሁ በልልኝ" ብሏል። እውነት ከሆነ አትንገሪኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከፀጉር ቤቱ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት
ማክሰኞ፣ መጋቢት 14