ተመርጦልናል ስለተባለው እንሰት

ለተከበሩ አቶ ፊልጶስ፣
የአዳዲስ እንሰት ዝርያዎች ማስተዋወቂያ ፕሮጀክት አስተባባሪ፣
ወልቂጤ

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። መኪናዎ የቸሃን ጭቃ እንደማይወድ ስለማውቅ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ቢቆጥሩብኝም ግድ የለኝም።

በቅድሚያ፣ ገበሬው አዲሱን እንሰት ራሱ ይምረጥ ብለው ባሎቻችንን ሆቴል ጠርተው ስለጋበዙልን እናመሰግናለን። እንሰቱን የምንፍቀውን፣ ቆጮውን የምንቀብረውን እኛን ሴቶቹን ጥበቃው ከበር መመለሱም ከድካም አድኖናል። ባለቤቴ ሙስተፋ በፎቶ ካየው መሀል ረጅሙን መርጦ መጣና «ቁመናው ያምራል» አለኝ፤ ለልጃችን ባል የመረጠ ነበር የሚመስለው።

ሁለተኛ፣ ነባሩን ነቅለን በአዲሱ እንድንተካ ስላዘዙን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ጎረቤቴ እትዬ ዘርፈሽዋል «ልጄ፣ ሳንፍቀው? ሳንቀምሰው?» ብለው ቢጠይቁ፣ ባለሙያዎ «እማማ፣ ተመርጦላችኋል እኮ!» አላቸው።

ስለዚህ ፕሮጀክትዎ ባዘጋጀው የመስክ በዓል ቀን፣ እንግዶች በተሰበሰቡበት፣ መፋቂያችንን ይዘን አዳዲሶቹ ዝርያዎች የተተከሉበት ሠርቶ ማሳያ ውስጥ ገባን። እርስዎ «ኧረ ተዉ፣ የመንግሥት ንብረት ነው!» እያሉ ሲጮኹ፣ እትዬ ዘርፈሽዋል ያንን ሙስተፋ የመረጠውን ረጅሙን ጣሉት፤ እኔ ደግሞ አጠገቡ ያለውን አጭሩን። አልዋሽዎትም፣ ፖሊስ መጣ ብዬ ወደ መንገዱ እመለከት ነበር። ግን ፋቅን። የረጅሙ ቃጫ እየተበጣጠሰ አስቸገረን። ከአጭሩ ግን ወተት የመሰለ ቡላ ወረደ። ወደድነው፤ ችግኙንም እዚያው ተካፍለን ወሰድን። ዛሬ በየጓሯችን ጸድቋል። ነባሩም ከጎኑ ቆሟል፤ አልነቀልነውም፣ አንነቅለውምም።

ሦስተኛውን እንዴት እንደማመሰግን ቸገረኝ። ለበላዮችዎ በላኩት ሪፖርት ያንን ቀን «ሴቶች በንቃት የተሳተፉበት» ብለውታል አሉ፤ ለእኔ በላኩት መጥሪያ ደግሞ «ንብረት ማውደም» ብለውታል። እባክዎ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ፤ መምረጥ ያውቁበታል።

በቀጠሮው ቀን እመጣለሁ፤ ብቻዬን ግን አይደለም። እንሰት የምትፍቅ ሁሉ ትመጣለች። ከእንግዲህ ማንኛውም ዝርያ እኛ ሳንፍቀው ጓሯችን እንደማይገባም በግንባር እንነግርዎታለን።

በታላቅ አክብሮትና ያለ ቅንጣት ጸጸት፣
ሃፊዛ ዑመይር
ከቸሃ

ማስታወሻ፦ «ወደመ» የተባለው የእንሰት ሥር በዚያው ቀን ተቀቅሎ፣ አሚቾ ሆኖ ተበልቷል። እርስዎም ጨምሩልኝ ሲሉ እንግዶቹ ሁሉ ሰምተዋል፤ ስለዚህ ክሱ ላይ «ግብረ አበር» የሚለው ቦታ ባዶ ከሆነ፣ ስምዎን ቢሞሉበት ደስ ይለኛል።