አሥራ አራት ውታፍ

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ሥራ ጀመርኩ! አሥራ አንድ ወር ቤት ቁጭ ብዬ… በመጨረሻ። እዚሁ ቢቸና፣ የገበሬዎች ዩኒየን፣ «የተሽከርካሪ ጥገና ባለሙያ»። የሙከራ ጊዜ ነው፤ ቢሆንስ? ቱታ ሰጡኝ። ሁለት እኔን ይይዛል። እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጠፍኩት።

ግቢው ውስጥ ያሉት ሦስት ናቸው። አንድ አሮጌ የጭነት መኪና፣ አንድ ጎማ የሌለው ትራክተር፣ እና የአባዬ ፒክአፕ። የዩኒየኑ ነው እንጂ የአባዬ አይደለም፤ ግን ማን እንደዚያ ይለዋል? ነጭ ደብል ጋቢና፣ አምስት ዓመት ያልሞላው። ሾፌሩ እሳቸው ናቸው፤ ከነላስቲኩ ተረክበው ሌላ ሰው መሪውን ነክቶት አያውቅም። ከስምሪት ሲመለሱ ያጥቡታል። ከሥሩ የተቃጠለ ዘይት ይቀቡታል። ሻንሲው፣ መኪናውን የተሸከመው ብረት፣ ጥቁር መስታወት ነው።

ጠዋት አባዬ እንደማያውቁኝ ሆኑ። «ባለሙያዋ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ!» ብለው ጮኹ። ግቢው በሙሉ ሳቀ። ቤት ስንገባም እናቴን «ለባለሙያዋ እራት አቅርቢላት» አሏት። ለጡረታ ሰባት ወር ነው የቀራቸው። አብረን የምንሠራው ሰባት ወር ብቻ…

ብዙ ነገር አስቤያለሁ። ለእያንዳንዱ መኪና ፋይል እከፍታለሁ። ይሄ ግቢ ይለወጣል።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

የፒክአፑ የኋላ ባሌስትራ ይንቋቋል ብለውኝ ነበር አባዬ። ልይ ብዬ ከሥር ገባሁ። ዩኒቨርሲቲ አንድ መምህራችን «ሻንሲን በዓይን አትዩት፣ በመዶሻ አንኳኩና ስሙት» ይል ነበር። ደህና ብረት ይጮኻል። አንኳኳሁ። ከፊት ጮኸ። መሀል ላይም ጮኸ። ከኋላው ጎማ በላይ፣ ባሌስትራው ከሚያርፍበት ዘንድ… ዱብ። እንደ በሰበሰ ግንድ። ደግሜ መታሁ። ዱብ።

የሻንሲው ሆድ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች በጎማ ተወትፈዋል። አንዱን በካቻቪቴ ነቀልኩት። ቡናማ ውሃ ፊቴ ላይ ወረደ። ከውሃው ጋር የብረት ቅርፊት፣ ከቅርፊቱ ጋር የማዳበሪያ ጭቃ። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ጣቴን ሰደድኩ። የቀዳዳው ጠርዝ እንደ ቂጣ ተሸረፈ።

ከዚያ ምን አደረግኩ? ውታፉን መልሼ ወተፍኩት።

ለምን መለስኩት?

እሑድ፣ ግንቦት 10

ቅዳሴ ላይ ቆሜ ትዝ አለኝ። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ፣ ለክረምት መጥቼ። መኪናው ገና አዲስ ነበር። አባዬ ከሥሩ ተኝተዋል፤ እኔ ያረጀ የጎማ ካላማዳሪያ በመቀስ እየቆረጥኩ አቀብላቸዋለሁ። «ማዳበሪያው በዚህ ነው የሚገባ። ጭቃውም በዚህ ነው። እደፍንለታለሁ።» ክብ ክብ አድርጌ ቆረጥኩ። አሥራ አራት። እንዴት ኮርቼ ነበር! «አባዬ፣ እርስዎ እኮ መሐንዲስ ነዎት» ብያቸዋለሁ።

ቀዳዳው ውሃ ማስወጫ መሆኑን ሦስተኛ ዓመት ላይ ተማርኩ። ፈተና ላይ መጣ፤ መለስኩ፤ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። የአባዬ መኪና ትዝ አላለኝም። እንዴት ትዝ አይልም?

የማዳበሪያው ብናኝ በሌላ ስንጥቅ ይገባል። በየቀኑ ሲታጠብ ውሃው ይከተለዋል። መውጫ የለውም። ከውጭ ዘይት፤ ከውስጥ አራት ክረምት ሙሉ ሲበላው…

አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደስ ብሏቸው ነበር። ዛሬ አይሆንም። ነገ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ነገርኳቸው። ሁሉም ምሳ ሲወጣ፣ ግቢው ውስጥ።

«አምስት ዓመት ያልሞላው መኪና ዛገ? ያ አሮጌው ሠላሳ ዓመት ሲጎተት ያልዛገ?»

«የአሮጌው ሻንሲ ወፍራም ነው፣ አንድ ጎኑም ክፍት። ይሄኛው ስስ ነው፤ እንደ ሳጥን ዝግ። ውሃ ከገባ…»

«ከገባ ይወጣል።»

«በየት ይወጣል፣ አባዬ?»

ሄደው ተንበረከኩ። ዳሰሱ። አንዱን ውታፍ ነቅለው ያንን ቡናማ ውሃ መዳፋቸው ላይ አቆሩት። ብዙ አዩት።

«በገዛ እጄ» አሉ።

«እኛ ነን። ጎማውን የቆረጥኩት…»

«አንቺ የቆረጥሽው ጎማ ነው። ቀዳዳውን የደፈንኩት እኔ።»

ፊታቸውን ሳያዞሩ፦ «ዝገቱን ጻፊ። ጎማውን ተዪው። ሠላሳ አንድ ዓመት ስነዳ አንዲት ጭረት አላስመዘገብኩም። ሾፌሩ ውበቴ በመጨረሻ መኪና አበሰበሰ ይበሉኝ?»

እሺ አልኩ። አሥራ አራቱንም ነቅዬ በፌስታል ቋጠርኩ። መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

መጀመሪያ የጻፍኩት፦ «የኋላው ሻንሲ ከውስጥ ስለበሰበሰ መኪናው ከሥራ ይቁም።» አነበብኩት። አቶ ስጦታው፣ የአስተዳደር ኃላፊው፣ «በምን በሰበሰ?» ማለታቸው አይቀርም። በምን ልበል? ቀደድኩት።

ሁለተኛው፦ «ሻንሲው ላይ የዝገት ምልክት ስለታየ የብየዳ ጥገና ይደረግለት።» ውሸት አይደለም… አይደለም እንዴ?

አቶ ስጦታው ራሳቸው ወጥተው ጎንበስ ብለው አዩ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። ሳቁ። «ኢንጂነር፣ ይሄ ዛገ ካልሽ እኛማ በስብሰናል! ገበሬው ማዳበሪያ እያለ በር ላይ ቆሟል። ሞጣ በያጁ ጓዴ ዘንድ ውሰዱና ለጠፍ አድርጎ ይመልሰው።»

ለጠፍ አድርጎ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19፣ ሞጣ ደርሶ መልስ

ጓዴ በሞጣ የታወቀ በያጅ ነው። ከሥር ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ወጣ። «ጋሽ ውበቴ፣ እኔ የምበይድ ብረት ነው። ይሄ ብስኩት ነው።»

ኤሌክትሮዱን ባስጠጋ ቁጥር በስቶ ያልፋል። እዚህ ሲደፍን እዚያ ይከፈታል። «ምን ሲያበሉት ነው የከረሙ?» አለ። አባዬ «በይድ፣ አታውራ» ብቻ።

በግራና በቀኝ ላሜራ ለጠፈበት። አባዬ ውሃ ሊጠጡ ዞር ሲሉ ጓዴ መነጽሩን አወለቀ። «እህቴ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እኔ የማስተምርሽ የለኝም። ይሄ ላሜራ የያዘው ራሱን ነው። ሲሰበር ላሜራው ካለቀበት ላይ ነው የሚሰበር። ሰው አትጫኑበት።»

ጥቁሩን ቀለም አባዬ ራሳቸው ቀቡት። ጠርዝ አላስቀሩም።

ስንመለስ ሬዲዮ አልከፈቱም። ሁለታችንም የምናዳምጠው ሌላ ነው። ደብረ ወርቅ ስንደርስ «ከአምስት ኩንታል በላይ አይጫንም። ሰውም ከላይ አይወጣም» አልኳቸው።

«እሺ» አሉ። ባለሙያዋ አላሉኝም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

«ለሥራ ብቁ ነው» የሚለው ቅጽ ላይ ፈረምኩ። አምስት ኩንታል ብዬ የምጽፍበት መስመር የለውም። ጀርባው ግን ባዶ ነበር፤ አልጻፍኩበትም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

አባዬ ቃላቸውን ጠበቁ። አምስት ኩንታል፣ ሰው የለም። ሌላው አንዴ የሚያደርሰውን ሦስት ጊዜ ይመላለሳሉ። ገበሬው ያሾፍባቸዋል። «ጋሽ ውበቴ፣ ያረጀ መኪናው ነው ወይስ እርስዎ?» ይስቃሉ አብረው… ምን ያድርጉ?

ዛሬ አቶ ስጦታው ጠሯቸው። ነዳጅ በዛ፣ ሥራ ዘገየ። ቁልፉን ለአምላኩ ያስረክቡ ተባሉ። አምላኩ በኮንትራት የተቀጠረ ሾፌር ነው፣ ባለፈው ወር ያገባ። አባዬ መጋዘን በር ላይ ተቀመጡ።

«አባዬ፣ ለምን እንደሆነ አልነገሯቸውም?»

«አንቺስ ነግረሻቸዋል?»

ቤት ገባን። እናቴ «ምን ሆናችኋል?» አለች። ሁለታችንም በአንድ አፍ፦ «ምንም።»

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

አምላኩን ያዝኩት። «ብዙ አትጫንበት፣ እሺ? ከኋላ ትንሽ…»

«ትንሽ ምን?»

«ዝገት ነበረበት።»

«አልተበየደም?»

«ተበይዷል።»

ሳቀ። «ኢንጂነር፣ ወረቀቱ ላይ ፊርማሽን አይቻለሁ። አንቺን ልመን ወይስ አንቺን?» ብሎ ወጣ። ሮጬ ላስቆመው እችል ነበር። በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። አሥር ኩንታል ጭኗል። ከኋላ ዝቅ ብሏል።

ነገ ለአቶ ስጦታው እነግራቸዋለሁ። ነገ በእርግጥ።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

አልነገርኩም። ዓርብ ስብሰባ ነበራቸው። ቅዳሜ… ቅዳሜ ምን ነበር?

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተደወለ። ከደብረ ወርቅ አለፍ ብሎ፣ ቁልቁለቱ ላይ። አሥራ ሦስት ኩንታል፣ ከማዳበሪያው ላይ አራት ሰው። መኪናው ከጋቢናው ኋላ ለሁለት ተሰብሮ የጭነቱ ወገን መሬት ወጋ፤ ተገለበጠ። አምላኩ እግሩ ተሰብሯል። ሦስቱ ቆስለዋል። አንዷ፣ ፈንታነሽ የምትባል ገበሬ፣ ከማዳበሪያው ሥር… እዚያው።

አቶ ስጦታው በስልካቸው ያነሱትን ፎቶ አየሁ። የተሰበረው ላሜራው ካለቀበት ላይ ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ለቅሶ ሄድን፣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ። አባዬ ከወንዶቹ ጋር፤ እኔ ከሴቶቹ። ማን እንደሆንኩ አያውቁም። የሟቿ ልጅ አጠገቤ ናት፣ በእኔ ዕድሜ። ድምጿ አልቋል። ለሚመጣው ሁሉ አንድ ነገር ትደግማለች።

«አሮጌው መኪና ቆሞላት ነበር። ቦታም ነበረው። ‹ይሄ መንገድ ላይ ይጥለኛል፣ አዲሱን እጠብቃለሁ› ብላ አሳለፈችው። አዲሱን እጠብቃለሁ አለች…»

ንፍሮ አመጡልኝ። እጄ ላይ ያዝኩት። እስክንነሣ እንደያዝኩት ነበር።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

አምላኩ ሞጣ ሆስፒታል ተኝቷል። ፖሊስ አልጋው አጠገብ ተቀምጧል አሉ። ከልክ በላይ ጭኖ ሰው ገደለ ተብሎ። ሚስቱ ግቢያችን መጥታ በር ላይ ቆመች።

አቶ ስጦታው ቢሮ ጠርተው አጽናኑኝ። «አንቺ አትጨነቂ። ወረቀትሽ ንጹሕ ነው። መኪናው ጤነኛ እንደነበረ ፊርማሽ ይመሰክራል። የሙከራ ጊዜሽም ሲያልቅ እኔ አለሁ።» አመሰገንኳቸው! አፌ «አመሰግናለሁ» አለ።

እራት ላይ አባዬ አልቆረሱም።

«ያ ፌስታል የት ነው?»

«መሳቢያዬ ውስጥ።»

«የመጀመሪያውን ወረቀት ቀድጄዋለሁ ብለሽኛል።»

«ቀድጄዋለሁ።»

«ምን እንደሚል ታስታውሻለሽ?»

እናቴ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ታያለች። አዎ አልኩ። ቃል በቃል።

«ሰኞ እንሄዳለን» አሉ። ደግሞም፦ «እኔ ብቻዬን ብሄድም ይበቃል። አስቢበት።»

እሑድ፣ ሰኔ 15

አሰብኩበት። ዓመት ሊሞላ እስኪቃረብ ሥራ የፈለግኩት፣ ስሜን ወረቀት ላይ ለማየት አልነበረም? ይኸው አየሁት።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ቱታዬን አጥቤ፣ አጣጥፌ ለንብረት ክፍል መለስኩ። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ።

መርማሪው ወጣት ነው፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ። አባዬ ፌስታሉን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱት። አሥራ አራት ክብ ጎማ፤ ዝገቱ ጠርዛቸው ላይ ደርቋል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

አባዬ ነገሩት። ከመጀመሪያው ጀምረው። ውሃውን፣ ማዳበሪያውን፣ ዘይቱን፣ ቀለሙን።  መርማሪው ሲጽፍ ቆየና ቀና አለ።

«ጎማውን ማን ቆረጠ?»

«እኔ» አልኩ።

«ቀዳዳውን የደፈነው?»

«እኔ» አሉ አባዬ።

«መኪናው ብቁ ነው ብላ የፈረመችው ባለሙያስ?»

አባዬ ቀደሙኝ። እጃቸው ክንዴን ያዘ። «ይቺ ልጄ ናት» አሉ። «እኔ ነኝ እንዳትጽፍ ያልኳት። የእኔ ልጅ ናት።» ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ በሰው ፊት ልጄ ብለውኝ አያውቁም።

እጃቸውን ቀስ ብዬ አስለቀቅኩ። «ባለሙያዋ እኔ ነኝ። ዝገቱን አውቄ ነው የፈረምኩት። ይጻፍልኝ።»

ጻፈው። የቀደድኩትንም ወረቀት በአዲስ ወረቀት ጻፍኩ፤ ቀኑን ግን የዛሬውን። ጓዴም ይጠራል። አምላኩ ከክሱ ይወጣ እንደሆነ ጠየቅኩ። «ጭነቱ የራሱ ነው፤ የቀረው ይታያል» አለኝ። ለእኛም የሰው ዋስ አስጠራን። ከከተማ እንዳትወጡ ተባልን። አቶ ስጦታው ስልኬን አላነሡም።

በእግራችን ተመለስን። አባዬ በእግር ሲሄዱ እንደዚህ ቀስ እንደሚሉ አላውቅም ነበር። ገበያው ዳር አንድ ነጭ ፒክአፕ ቆሟል፣ የማን እንደሆነ አናውቅም። አባዬ አልፈውት ሄዱ፤ ተመለሱ። ጉልበታቸውን ይዘው ተንበረከኩ። ክንዳቸውን ከሥር ሰደው ብዙ ዳሰሱ። ሰው ቆሞ ያያል።

ሲነሡ ጣታቸው ጭቃ ነበር፣ እርጥብ።

«ክፍት ነው» አሉኝ።