ሰሌን ተከናንበው በርዎ ላይ ስለተቀመጡት አባቴ

ለክቡር ሚስተር ቴኦፊሎ፣ የቫይታሌ ጭነት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
አፒያ

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎ፣ ስኳርዎ፣ ከሁሉም በላይ ያ ቀዝቃዛ ቢሮዎ ደህና ናቸው? እኛ ከፀሐዩ በቀር ደህና ነን።

በመጋዘንዎ ስድስት ዓመት ጆንያ ስቆጥር የኖርኩት ላጊ ቫኤሉአ ነኝ። የማታ ትምህርት ከፍለው የንብረት አያያዝ ዲፕሎማ ስላስያዙኝ ደግሜ አመሰግናለሁ። ሁለት ዓመት ላገለግል ፈርሜ በሃያ አንደኛው ወር ስለለቀቅሁ፣ የተከፈለልኝን በሙሉ በሠላሳ ቀን እንድመልስ ጽፈውልኛል። ያገለገልኩት ወር ሁሉ የት እንደገባ አልጠይቅም፤ ቆጠራ የተማርኩት እኔ እንጂ እርስዎ አይደሉም።

ቅሬታዬን በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፦ የተማርኩት በኮምፒውተር ንብረት መያዝ ነበር። ተመርቄ ስመለስ ኮምፒውተሩ ቢሮዎ ውስጥ ተቆልፎ የእህትዎ ልጅ ካርታ ይጫወትበታል። እኔም ወደ ጆንያዬ ተመለስኩ፣ በዲፕሎማ። የለቀቅሁት አንድ ሐኪም ቤት «ነይና የተማርሽውን ሥሪበት» ስላለኝ ነው። በደል መሆኑን ከደብዳቤዎ ተረዳሁ።

ሁለተኛ፦ ደብዳቤውን የላኩት ዋስ ሆነው ለፈረሙት፣ ለሰባ አራት ዓመቱ የቤተ ዘመዳችን አለቃ ለአባቴ ነው። «ከባድ የውል ጥሰት» የሚለውን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ።

«ልጄ፣ ሰው ገድለሻል እንዴ?»

«ኧረ አባዬ! ሥራ ነው የለቀቅሁት።»

«ሥራ ለለቀቀ እንዲህ ይጻፋል? አንቺ የደበቅሽኝ ነገር አለ» ብለው፣ አያታቸው የታቱትን ሐር የመሰለ ሰሌን ከሣጥን አወጡና ኢፎጋ ሊገቡ ደጅዎ መጡ።

እርስዎ የዚሁ አገር ልጅ ስለሆኑ ኢፎጋን ማስረዳት ድፍረት ነው፤ ወገኑ የበደለ ሰው ሰሌን ተከናንቦ ተበዳዩ ደጅ ይቀመጣል፣ ተበዳዩ በእጁ ካልገለጠለት አይነሣም። ሰው ለገደለ የሚደረገውን አባቴ ለዲፕሎማ አደረጉት።

ሦስተኛ፦ ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። እርስዎ በጓሮ በር መውጣት እንደጀመሩ ሰምተናል፤ አባቴን ላለመረበሽ ስለተጠነቀቁ እናመሰግናለን። የጥበቃው ፌሌቲ ውሃ እያቀበለ «አባባ፣ በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ የሚከለክለው መኪና ማቆም ነው፤ እርስዎ ይቀመጡ!» ይላቸዋል። ትናንት ፀሐዩ ሲበረታባቸው አይቶ ግን ወደ ጎን ወሰደኝና፣ «ላጊ፣ እዚህ ቢወድቁ ምን ብዬ ነው የምመዘግበው?» አለኝ።

ገንዘቡን ከደመወዜ በየወሩ እከፍላለሁ። አባቴን መግለጥ ግን አልችልም፤ ልማዱ ያን ለእርስዎ እጅ ብቻ ነው የሰጠው። ከሻይ ሰዓትዎ አንድ ደቂቃ ይበቃል።

ለቢሮዎ ቅዝቃዜ፣ ለጓሮ በርዎም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ዕውቀትዎን ይዛ የጠፋችው
ላጊ ቫኤሉአ

ከፈረምኩ በኋላ የተጨመረ፦ አሁን የሒሳብ ክፍልዎ ወይዘሪት ወጥታ ሰሌኑን ከአባቴ ራስ ላይ አነሣችና ወደ ብርሃን ያዘችው። ለመያዣ ቢሆን ስንት እንደሚያወጣ ልታይ ነበር። አባቴ እርስዎ የላኳት መስሏቸው «ይቅር ተባልን!» ብለው አለቀሱ፣ ድርጅትዎን እስከ ሰባት ትውልድ መረቁ፣ ተደግፈው ቤት ገብተው ተኙ። እውነቱን ልነግራቸው አልቻልኩም፤ ፌሌቲም አልቻለም። ቅዳሜ የምስጋና አሳማ ይዘውልዎ ይመጣሉ። እባክዎ፣ የአሳማውን ዋጋ ከዕዳው አይቀንሱላቸው።