የሚጣ ቀሚስ ቀለም

ሰኞ፣ የካቲት 3

ጠዋት የጋዜጣችን የስፖርት ገጽ። አሥራ አንድ ፎቶ መረጥኩ፣ አራቱ ገቡ። የግብ ጠባቂው ፊት ጠቁሮ ነበር፤ ብርሃኑን ትንሽ ከፈት አደረግኩለት። የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ይጠጣል።

ከሰዓት መልእክት ገባ። ከልጄ! ከ“ደህና ነህ?” ያለፈ ከጻፈችልኝ ስንት ጊዜዋ...

“አባ፣ ልጅ ሆኜ ደረጃው ላይ በቀይ ቀሚስ ያነሳኸኝ ፎቶ አለህ? ትልቅ አድርገህ አሳትምልኝ። አዲሱ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው።”

አለኝ እንጂ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር በቦታው ነው። በማን ወጣች?

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ከሥራ መልስ ፎቶውን ቤት ካለው የኮምፒውተር ማከማቻ አገኘሁት። ስድስት ዓመቷ። የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ ጉልበቷን አቅፋ እየሳቀች። ቀሚሱ የበሰለ ቲማቲም የመሰለ ደማቅ ቀይ። ልክ እንደማስታውሰው።

በፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም የካሜራው አቧራ የተወውን ነጠብጣብ አጸዳሁ። ለማተሚያ ቤት ፋይል በማዘጋጅበት በሌላኛው ስከፍተው ግን... ቀዩ ሞተ። ሸክላ ሆነ። ያው ፋይል፣ ያው ሞኒተር። ሞኒተሩን ደግሞ ካሊብሬት ካደረግኩት፣ ቀለሙን በመሣሪያ ካስተካከልኩት፣ ገና ወሩ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

የካሊብሬሽን መሣሪያዋን ስክሪኑ ላይ አንጠልጥዬ እንደገና ካሊብሬት አደረግኩ። ግማሽ ሰዓት። ውጤቱ ንጹህ። ሁለቱንም ፕሮግራሞች ዘግቼ ከፈትኩ። አንዱ ቲማቲም፣ አንዱ ሸክላ።

ቢሮ ለገጽ አቀናባሪው ነግሬው ነበር።

“ጋሼ፣ የአንዲት ልጅ ቀሚስ እኮ ነው፤ ባንዲራ አደረግከው።”

“ባንዲራ ቢሆንማ ቀለሙ በቁጥር ተጽፎ ይገኝ ነበር።”

“እንግዲያው ደስ ያለህን ምረጣ!”

ደስ የሚለኝንማ አውቀዋለሁ። ችግሩ እሱ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ምንም። አሁንም ሁለት ቀይ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ተገኘ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ።

ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ በየትኛው የቀለም መለኪያ እንደሚነበብ የሚናገር መለያ፣ ፕሮፋይል የሚሉት፣ አብሮት መቀመጥ ነበረበት። የለም። “አምስት” ብሎ ጽፎ ሜትር ይሁን ክንድ አለመናገር ማለት ነው። አንዱ ፕሮግራም ሰፊውን መለኪያ ገምቶ ቲማቲም ያሳያል፣ ሌላው ጠባቡን ገምቶ ሸክላ። ሞኒተሩ ምን ያድርግ? የተነገረውን ነው ያሳየው።

መለያውን ማን አነሳው? የድሮው ማተሚያ ማሽናችን መለያ ያለው ፋይል ሲሰጡት ቀጥ ይል ነበር። “መለያውን ሳትልጡ እንዳትልኩ” የሚለውን ወረቀት ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ። እጄ ለምዶ የቤቴንም ፎቶ እየላጥኩ አስቀምጫለሁ። የልጄን ፎቶ፣ እንደ ዜና ፎቶ።

ካሜራው ያኔ በየትኛው መለኪያ ነበር? የቢሮ ካሜራ ነው፤ ያልነካው እጅ የለም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ነጭ ካልሲዋን አስተያየሁ። በሁለቱም ነጭ። ደረጃው በሁለቱም ግራጫ። ነጭና ግራጫ በየትኛውም መለኪያ ያው ናቸው፤ ምስክር አይሆኑም። ቀሚሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ለምን ይሄን ያህል አስጨነቀኝ? ስታየው “ይሄ የኔ ቀሚስ አይደለም” ካለችስ? እናቷና እኔ ስንለያይ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ እንድትመጣ ተስማምተን ነበር። ቅዳሜ ደግሞ የእሁዱ እትም የሚወጣበት ቀን። ስንቴ በር ላይ አስጠበቅኳት... አሥራ ሁለት ሲሞላት መምጣቷን ተወች። አሁን አሥራ ዘጠኝ ናት። አልተጣላንም። ብንጣላ ይሻል ነበር፤ የተጣላ ይታረቃል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

እናቷ ጋ ደወልኩ።

“ምን ሆንክ? አሞሃል እንዴ?”

“ደህና ነኝ። የልጅቷ ያ ቀይ ቀሚስ... ምን ዓይነት ቀይ ነበር?”

ሳቀች። “አንተ ሰውዬ! ሁለት ዓመት ሙሉ ፊትህ ስትንጎራደድበት አላየኸውም?”

“አይቻለሁ። ምን ዓይነት ቀይ ነው ያልኩሽ።”

“ቀይ ነዋ! ደግሞ እሷው ጋ አለ። ልጥለው ስል ከእጄ ነጥቃ አስቀመጠችው። እኔን አማላጅ አታድርገኝ፤ አፍ አለህ፣ ጠይቃት።”

አስቀምጣዋለች...

ሐሙስ፣ የካቲት 13

አራት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁ። በአምስተኛው እውነቱን ላኩ። “ፎቶው አለ። የቀሚስሽን ቀለም ግን እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም። ረስቼዋለሁ።”

ለሃያ ስድስት ዓመት በጋዜጣ ላይ እርማት ሳወጣ ኖሬያለሁ። እንዲህ የከበደኝ የለም።

መልሱ ወዲያው መጣ። “ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ቀሚሱን ይዤ እመጣለሁ። ትኖራለህ?”

ትኖራለህ? አለች። ብትጠይቅ አይፈረድባትም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

የእሁዱን እትም ለገጽ አቀናባሪው ተውኩለት። “ጋሼ፣ ጤናህ ነው ግን?” አለኝ።

ስምንት ሰዓት ከአምስት። ሳታንኳኳ ከፈትኩላት። በቁመት በልጣኛለች።

“ሚጣ...”

“አሁንም ሚጣ?” አለች። አልተቆጣችም።

ቀሚሱን አውጥታ ስክሪኑ አጠገብ ያዘችው። ቲማቲምም አይደለም፣ ሸክላም አይደለም። እጥበትና ፀሐይ ጨርሰውታል፤ ወደ ሮዝ ሄዷል።

“ነጥቷል ለካ። ይሄን ሁሉ መንገድ በከንቱ!” አለች።

ገልብጬ አየሁት። የታችኛው ጠርዝ ሁለቴ ታጥፎ የተሰፋ ነው። እጥፉ ውስጥ ፀሐይ አይገባም።

“ልተርትረው?”

“ቀስ ብለህ ታዲያ።”

በምላጭ አንድ ስንዝር ያህል ተረተርኩ። ውስጡ ያልተነካ ቀይ። መጀመሪያ መስኮቱ ጋ ወሰድነው፣ ከዚያ ስክሪኑ ጋ። አራት ዓይን ሆነን አየነው።

ሸክላው ነው።

እኔ ብጠየቅ ለቲማቲሙ እምል ነበር። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በሐሳቤ ሳያት የነበረው በሱ ነው።

“ከፋህ?” አለችኝ።

“የለም። የለበስሽው ይሄን ነው። በቃ ይሄ ነው።”

ፋይሉ ላይ የጠባቡን መለኪያ መለያ አድርጌ ለማተሚያ ቤት ላኩት። እሷ የራሷን የወለቀ ጥርስ እያየች ትስቃለች። “አባ፣ ይሄ እኮ ጥርስ አይደለም፤ በር ነው!”

ለአንድ ሰዓት ነበር የመጣችው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ልትሄድ ስትነሳ የተንጠለጠለውን ጠርዝ አየችው።

“መርፌና ክር የት ነው?”

መሳቢያውን ሁሉ አገላበጥን። እዚህ ቤት መርፌ የለም።

“በል ተወው። የዛሬ ሳምንት ይዤ እመጣለሁ።”

ቀሚሱን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ ትታው ሄደች።